የእንግሊዞቹ ነጭ ዝሆንና የእኔ ወይፈን

ይህ ነገር ሊጻፍ ይገባዋል ወይስ አይገባውም በሚለው ላይ ከራሴ ጋር ብዙ ተከራክሬአለሁ። ጦርነት የለበትም፤ ፍቅር የለበትም፤ የሞተ ሰውም የለም። ያለነው አንድ የእንግሊዝኛ አባባል፣ አንድ ወይፈንና እኔ ብቻ ነን። ሆኖም በየመንገዱ የሚያገኘኝ ሁሉ እስቲ ያን ነገር እንደገና አውራልን ስለሚለኝ፣ ሰው ማስቀየም ደግሞ ስለማልወድ፣ አንዴ ጽፌ ብገላገል ይሻላል ብዬ ቁጭ አልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ካለፈው የካቲት ወዲህ ተረጋግቼ ቁጭ ስል ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

እኔ እዚሁ ጋምቤላ ከተማ ለመምህርነት የምሰለጥን የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ቤተሰቦቼ በሰፈራ ጊዜ ከወሎ መጥተው በአቦቦ በኩል የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው። የሚያውቁኝ ሁሉ ጠንቃቃ ነው ይሉኛል። መምህር ገጽ አሥርን አንብባችሁ ኑ ካሉ፣ ገጽ ዘጠኝ ቅር እንዳይለው እሱንም አነባለሁ። አንድ እሑድ ሦስት ቤት ምሳ ተጠርቼ፣ ለሦስቱም እሺ ብዬ፣ ሦስቱም ቤት በልቼ፣ ማታ ጤና ጣቢያ ተጋድሜ ያደርኩ ሰው ነኝ። ይህን የማወራው በራሴ ለማሳቅ አይደለም፤ ወደፊት የሚመጣው ጣጣ ሁሉ ከዚሁ ጠባይ የተቀዳ ስለሆነ ነው።

የእንግሊዝኛ መምህራችን አባባል የሚወዱ ሰው ናቸው። ሌላው ሰው ሻይ ሲጠጣ ስኳር እንደሚጨምር፣ እሳቸው ንግግራቸው ላይ የእንግሊዝኛ አባባል ይጨምራሉ። የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ትምህርት በተጀመረ ሰሞን አባባሎችን በቁርጥራጭ ወረቀት ጽፈው ባርኔጣቸው ውስጥ ከተቱና እያንዳንዳችን አንዳንድ አወጣን። ሥራችን ያወጣነው አባባል በመጀመሪያ ከየት እንደመጣ፣ ቀጥሎም እንዴት እንደሚነገር አጣርተን ግንቦት ላይ ክፍል ፊት ቆመን ማስረዳት ነበር። ግማሹ ማርክ ለአመጣጡ፣ ግማሹ ለአጠቃቀሙ ነው ተባለ።

ከፊቴ የምትቀመጠው አሪየት "ቀይ ጥብጣብ" የሚል ደረሳት። እንግሊዞች የቢሮን መጓተት የሚጠሩበት አባባል ነው። ክልል ከሆንን ገና ጥቂት ጊዜ ስለሆነ በከተማችን አዳዲስ ቢሮ ሞልቷል፤ አንዳንዱ ቢሮ ከወንበሩ ቀድሞ ማኅተሙ የደረሰለት ነው። አሪየትም የቢሮን ነገር ቢሮ ያውቃል ብላ ወደ አንዱ ሄዳ አመጣጡን ጠየቀች። የትብብር ደብዳቤ አምጪ አሏት። ደብዳቤውን ስታመጣ መዝገብ ቤት ይግባ አሏት። መዝገብ ቤት ሲገባ ማኅተም ያዡ ፑኝዶ ወርዷል አሏት። ግንቦት ላይ ተራዋ ሲደርስ ክፍል ፊት ቆማ፣ "አመጣጡን ሊነግሩኝ ቀጠሮ ሰጥተውኛል፤ አጠቃቀሙን ግን አሁኑኑ ላስረዳ" አለች። መምህራችን የሳቅ እንባቸውን በባርኔጣቸው ጠረጉ።

ለእኔ የደረሰኝ "ዋይት ኤለፈንት" ነበር። ነጭ ዝሆን ማለት ነው። ቤተ መጻሕፍታችን ያለውን አንድ መዝገበ ቃላት ምስጥ ከኋላ ጀምሮ ወደፊት እየበላው መጥቷል፤ የእኔ ቃል ጋ ሲደርስ ግን የጠገበ ይመስላል። ስለዚህ ትርጉሙን አገኘሁ። ለባለቤቱ ጣጣና ወጪ እንጂ ጥቅም የማይሰጥ ትልቅ ንብረት ማለት ነው። ከየት እንደመጣ ግን አይናገርም።

እዚህ ላይ ብቆም ደህና ነበር። እኔ ግን አሰብኩ። ዝሆን እኛ አገር አለ። እንግሊዞችም ድሮ ከካርቱም በባሮ ወንዝ በመርከብ እየመጡ እዚሁ ጋምቤላ ይነግዱ ነበር። ዝሆንና እንግሊዝ አንድ ላይ የተገናኙበት ቦታ ደጃፌ ላይ ነው። እንግዲህ አባባሉ ከዚሁ ሳይወጣ ይቀራል? ይህ ሐሳብ ከመጣልኝ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። መምህራችን ሲደነቁ፣ መዝገበ ቃላቱ ሲታረም፣ ስሜ በእንግሊዞች አገር ሲነሳ ይታየኝ ጀመር።

የቀረኝ መርከቦቹንም ዝሆኖቹንም ያየ ሽማግሌ ማግኘት ነበር። አብሮኝ አንድ ዴስክ ላይ የሚቀመጠው ጋትሏክ የኑዌር ልጅ ነው፤ ዝምታው ከንግግሩ ይበልጣል። ነገሩን ሳዋየው አባቱ አባባ ቹዎል ሁለቱንም አይተዋል አለኝ። ቅዳሜ በጭነት መኪና ወደ ኢታንግ አቅጣጫ ወረድንና፣ ቤተሰቡ በበጋ ከብቱን ይዞ የሚሰፍርበት ወንዝ ዳር ደረስን።

አባባ ቹዎል ረጅም ሰው ናቸው፤ ተቀምጠው እንኳ ከእኔ ቁመት ብዙም አያንሱም። የተከማቸው እበት ቀስ እያለ ይጨሳል፤ ከብቱም ሰዉም ከትንኝ የሚሸሸው እዚያ ጭስ ውስጥ ነው። ጋትሏክ እያስተረጎመ ጥያቄዬን አቀረብኩ። ሽማግሌው እንግሊዞቹን ያስታውሳሉ፤ በዚያ ፀሐይ ትኩስ ሻይ ይጠጡ ነበር አሉ። ዝሆንም ያስታውሳሉ፤ የተንከባለለበትን አፈር መልክ ይይዛል እንጂ ነጭ ሆኖ አላየሁም አሉ። ቀጥለው ይህ ልጅ ነጩን ለምን ፈለገው ብለው ጠየቁ። ጋትሏክ ምን ብሎ እንዳስረዳቸው አላውቅም። ሽማግሌው ግን ለጥቂት ጊዜ ዓይን ዓይኔን ሲያዩኝ ቆዩና ተነሱ፤ ከከብቱ መካከል ወተት የመሰለ ነጭ ወይፈን በእጃቸው አሳዩኝ።

"ነጭ ዝሆን የለኝም፤ ይኼ ያንተ ነው" አሉ በጋትሏክ አፍ። "ከዛሬ ጀምሮ ስምህ ቦር ነው።"

ቦር በእነሱ ቋንቋ ነጭ ከብት ማለት ነው። ወንድ ልጅ ሲጎለምስ በበሬው መልክ ይጠራል፤ ጓደኞቹም በዚያ ስም ያሞግሱታል። በዙሪያችን የነበሩት ጎረምሶች "ቦር! ቦር!" እያሉ ሲጠሩኝ እኔ ልቤ ሊቀልጥ ደረሰ። በሕይወቴ ከተሰጠኝ ስጦታ ሁሉ ትልቁ እስከዚያች ቀን ድረስ እስክሪብቶ ነበር።

እንግዲህ በእኛ ቤት የተሰጠህን ትተህ ከሄድክ ንቀሃል ማለት ነው። እናቴ ከሰው ቤት የተቋጠረልኝን ቆሎ ረስቼ በመጣሁ ጊዜ ግማሽ መንገድ መልሳ ልካኛለች። ስለዚህ በሁለት እጄ እጅ ነስቼ አመሰገንኩና፣ ያላንዳች ማመንታት፣ ገመድ ይስጡኝ አልኩ።

ሁሉም ዝም አለ። አባባ ቹዎል ጋትሏክን አዩት። ጋትሏክ ወንዙን አየ። እኔ ያን ዝምታ ከመጠን ባለፈ ደስታ የመጣ ዝምታ አድርጌ ወሰድኩት። ከዚያ ሽማግሌው ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ለልጃቸው ተናገሩ፤ ገመዱም መጣ። ከማታር በኩል ባዶውን የሚመለስ የጭነት መኪና አገኘን። እኔ ከኋላ ወይፈኑን አቅፌ፣ ጋትሏክ ከፊት ሾፌሩ አጠገብ ተቀምጦ፣ ከተማ ገባን። ጋትሏክ ስንሳፈርም ስንወርድም አንድ ቃል አልተናገረም፤ እኔም ልማዱ ነው ብዬ ተውኩት።

የተከራየሁት ቤት የእትዬ ታየች ነው። እትዬ ታየች ከደጋ የመጡ ጤና ረዳት ናቸው፤ ግቢያቸው እንደ መርፌ መቀቀያቸው የጸዳ ነው። በሚያውቋቸው በኩል ለምኜ፣ ከሌላው ባነሰ ኪራይ ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። ከዚያ ቤት ብወጣ በከተማው በአቅሜ የሚገኝ ጎጆ የለም፤ ጎጆ ከሌለ ደግሞ ትምህርት የለም። ይህን እያወቅሁ ነው እንግዲህ ወይፈን እየጎተትኩ በር ያንኳኳሁት።

"ምንድን ነው እሱ?" አሉኝ።

"ለጥቂት ቀን ነው፣ እትዬ" አልኩ። ጥያቄያቸው ግን ይህ አልነበረም።

የመጀመሪያው ሌሊት ሲነጋ ቦር ባሚያቸውን ከነግንዱ ጨርሷል። በሁለተኛው ሌሊት እየጮኸ ሰፈሩን አላስተኛ አለ። ጋትሏክን ብጠይቀው ጭስ ለምዶ ነው፣ የእበት ጭስ ከሌለ አይተኛም አለኝ። ስለዚህ እበት እየሰበሰብኩ፣ እያደረቅሁ፣ ምሽት ምሽት ማጨስ ጀመርኩ። ወይፈኑ ተኛ፤ እትዬ ታየች ነቁ። ልብሳቸው፣ ፍራሻቸው፣ ጸጉራቸው ሳይቀር እበት እበት ሸተተ። ጤና ጣቢያ በሽተኞች ሳይቀሩ አፍንጫቸውን ይይዙባቸው ጀመር። ያም አልበቃ ብሎ ገመድ ላይ የተሰጣውን ነጭ ገዋናቸውን ቦር ጨው ፍለጋ ሲያኝክ፣ ሲያኝክ፣ አንዱን እጅጌ ዋጠው። በማግሥቱ ባለ አንድ እጅጌ ገዋን ለብሰው ወደ ሥራ ሲሄዱ ከበስተኋላቸው እያየሁ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ።

ሕይወቴ ሩጫ ሆነ። ጠዋት ወደ ባሮ ማጠጣት፣ አዞ እንዳይወስደው እሱን ከውኃው መለየት፣ ትምህርት ቤት መሮጥ፣ በዕረፍት ሰዓት ሣር ማጨድ፣ ከሰዓት መሮጥ፣ ማታ ማጨስ። በመንገድ የሚያገኙኝ የኑዌር ተማሪዎች ሁሉ "ቦር!" ብለው ሲጠሩኝ ቆሜ በክብር መመለስ አለብኝ፤ አለዚያ ኩራት ይመስላል። አንድ ቀን ጥሩ ሣር አለ ሲሉ ሰምቼ ከከተማ ውጪ ወዳለው አውሮፕላን ማረፊያ በእግሬ ነዳሁት። ሣሩ እውነትም ጥሩ ነበር፤ ችግሩ ያው ለአውሮፕላን የተከለለ መሆኑ ነው። የመጣው አውሮፕላን ከላይ ነጭ ነገር አይቶ አንዴ ዞሮ ሲሄድ፣ ዘበኛውና የማረፊያው ሠራተኞች ዱላ ይዘው ወደ እኔ ሲሮጡ፣ እኔ ወደ ቦር ስሮጥ፣ ቦር ወደ አስፋልቱ ሲሮጥ፣ ዓለም ሁሉ ሯጭ መሰለኝ። በመጨረሻ ያረፈው አውሮፕላን መስኮቶች በሙሉ ፊት ሞልቷቸው ነበር።

ለመገላገል አልሞከርኩም አትበሉኝ። ቅዳሜ አቦቦ ወርጄ ለአባቴ ወይፈን አለኝ ስለው ዓይኑ በራ። ከወሎ ጥንድ በሬ ትቶ ከመጣ ወዲህ ቀንበር ነክቶ አያውቅም። መልኩን ጠየቀኝ፣ ቀንዱን ጠየቀኝ፣ ሻኛውን ጠየቀኝ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀና እዚህ እንዳታመጣው፣ ዝንቡ ከብት አያኖርም፣ በገንዲ በሽታ ይሞትብሃል አለኝ። ወደ ከተማ ስመለስ ደግሞ ለጋትሏክ፣ እንዲያው ለጠቅላላ ዕውቀት ያህል፣ እንዲህ ያለ ከብት ቢሸጥ ምን ይባላል ብዬ ጠየቅሁት።

"ስምህን ትሸጣለህ?" አለኝ። ሌላ ነገር ሊጨምር አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው።

አይሸጥም፣ አይታረድም፣ አይታረስበትም፤ ይበላል ብቻ። እስከ ፋሲካ ድረስስ ጾሙ ከለላ ሆኖት ነበር። ጾሙ ሲፈታ ግን ጎረቤቱ ቦርን የሚያይበት ዓይን ተለወጠ። ቀድሞ "ይኼ ጣጣ" ይሉት የነበሩ ሰዎች ጎኑን ዳበስ እያደረጉ "እየወፈረ ነው አይደል?" ማለት ጀመሩ። የግንቦት ሚካኤል ደግሞ የእትዬ ታየች የማኅበር ተራ ነው። ማኅበርተኛው የሚቀመጠው ቦር ከታሰረበት ማንጎ ጥላ ሥር ነው።

እትዬ ታየች አንድ ማታ በጭሱ መካከል ጠሩኝ። ሳይቆጡ ነበር የተናገሩት፤ ይህ ይበልጥ አስፈራኝ።

"ልጄ፣ እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም" አሉ። "ለሚካኤል ወይ ይታረድ፣ ወይ ይውጣ። ካልሆነ አብረኸው ውጣ።"

በጠባዬ ለሁሉም እሺ እንደምል ታውቃላችሁ። ለእሳቸው እሺ አልኩ። ጎረቤት ቢላ እንሳል ወይ ሲለኝ ለሱም እሺ እንዳልል ብዬ ሮጥኩ። ቤቴን ባተርፍ የጋትሏክን አባት አዋርዳለሁ፤ የጋትሏክን አባት ባከብር ቤቴንና ትምህርቴን አጣለሁ። ከጥር ጀምሮ በአንድ ዴስክ የተቀመጥኩት ጓደኛዬ ደግሞ ከዕለት ወደ ዕለት እየራቀኝ ነበር። አጠገቤ ይቀመጣል፤ ዓይኑ ግን ሁልጊዜ መስኮቱ ላይ ነው።

ከሚካኤል በፊት ባለው ዓርብ የእኔ ተራ ደረሰ። ቢላ የያዙ ጎረቤቶች ባሉበት ግቢ ቦርን ትቼ መሄድ ስላስፈራኝ ይዤው መጥቼ ክፍላችን መስኮት ሥር አሰርኩት። ክፍል ፊት ቆሜ ጥናቴን አቀረብኩ። እንግሊዞች በመርከብ ሲመጡ፣ በባሮ ነጭ ጭቃ የተንከባለለ ዝሆን አይተው ገዝተው፣ ውኃ ሲነካው ጠቁሮ ከስረው ሊሆን ይችላል ብዬ በትሕትና ገመትኩ። መምህራችን በትዕግሥት ሰሙኝና ወንበራቸውን ሳብ አድርገው እውነተኛውን አመጣጥ እንደሚባለው ይነግሩን ጀመር።

በሩቅ ምሥራቅ፣ ሲያም በሚባል አገር፣ ነጭ ዝሆን የተቀደሰ ነው አሉ። ንጉሡ ከመኳንንቱ አንዱን ሊያጠፋው ሲፈልግ አይቀጣውም፤ ነጭ ዝሆን ይሸልመዋል። የንጉሥ ስጦታ ነውና እምቢ አይባልም። ቅዱስ ነውና ሥራ አይሠራበትም። መሸጥ ነውር ነው፤ መግደል ወንጀል ነው። ዝሆኑ ግን ይበላል። ሰውየው ቤቱን፣ ንብረቱን፣ እንቅልፉን አብልቶ ይደኸያል።

ታሪኩ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ክፍሉ በሙሉ አንገቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ቦር አፉ ውስጥ የመምህራችንን ባርኔጣ ይዞ ያኝክ ነበር፤ የመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጠውት ኖሯል። እንዲህ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም። መምህራችን ሳይቀሩ ጠረጴዛ ይዘው ሳቁ። ያልሳቀው አንድ ሰው ነው። ጋትሏክ ብድግ ብሎ ወጣ።

ተከትዬው ሮጥኩ። ግቢው ውስጥ ካለ ዛፍ ጥላ ሥር ቆሞ አገኘሁት።

"አባቴ አንተን ሊያጠፋ ነው የሰጠህ?" አለኝ።

"አይደለም። ማን እንዲህ አለ?"

"ሁሉም ሳቀ።"

"የሳቁት በእኔ ነው፣ ወንድሜ።"

ከዚያ የካቲት ላይ ወንዝ ዳር የዋጠውን ንግግር ያን ዕለት ያወጣው መሰለኝ። "ለምን ወሰድከው?" አለ።

"ሰጡኛ!"

"ሰጠህ። ያንተ ነው። ግን ቤቱ እኛ ጋ ነው። እዚያ ይበላል፣ እዚያ ያድጋል። ልጆች ይኼ የቦር ነው ይላሉ። አንተ ትመጣለህ፣ ታየዋለህ፣ ወተት ትጠጣለህ፣ ትሄዳለህ። ገመድ የሚጠይቅ ሰው አይተን አናውቅም።"

እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ታዲያ ለምን አልነገርከኝም አልኩት። አባቱ ከልክለውት ነበር። ያኔ ዝቅ ባለ ድምፅ የነገሩት ይህን ነው፦ ልጁ ቸግሮት ይሆናል፤ የሰጠነውን መልስ አይባልም፤ አንዳች ነገር እንዳትነግረው። ጋትሏክም ሦስት ወር ሙሉ ወይፈኑ ከተማ ውስጥ ሲንከራተት እያየ፣ እኔም እየከሳሁ ስሄድ እያየ፣ ቃሉን ጠብቆ መስኮት ሲመለከት ቆየ። እኔ እነሱን ላለማስቀየም ጎተትኩት፤ እነሱ እኔን ላለማስቀየም ለቀቁት። ማንም ማንንም ሊያጠፋ ሳይፈልግ እትዬ ታየች እጅጌያቸውን አጡ።

እሑድ ማለዳ፣ መንገዱን ዝናብ ሳይዘጋብን ተነሳን። ከብቱ የክረምቱን ጎርፍ ሸሽቶ ወደ ከፍታው ሊወጣ ሲል ደረስንበት። ቦር የእበቱን ጭስ ገና ከሩቅ ሲሸተው ገመዱን ከእጄ መንጭቆ ሮጠ፤ ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም። ያን ሁሉ ሣር ያጨድኩለት ሰው ነኝ።

አባባ ቹዎል አልወቀሱኝም። የወይፈኑን ጎን ዳበሱና ከስቷል አሉ፤ የእኔንም ትከሻ ዳበሱና ይኼም ከስቷል አሉ። ወተት አስቀዱልኝ። ከዚያ የዚያ የእንግሊዞች ዝሆን ነገር ከምን ደረሰ ብለው ጠየቁ። ጋትሏክ የሲያሙን ንጉሥ ታሪክ እስከ መጨረሻው አስተረጎመላቸው። ሽማግሌው ከብታቸውን አንድ በአንድ አዩ።

"ያ ንጉሥ የራሱ ከብት አልነበረውም" አሉ በመጨረሻ። "ቢኖረው ለጠላቱ አይሰጥም ነበር።"

ለመምህራችን ይህን ስነግራቸው አዲስ ባርኔጣ አድርገው ነበር። ለአመጣጡ ዜሮ፣ ለአጠቃቀሙ ሙሉ ማርክ ሰጡኝ። እትዬ ታየችም የሚካኤልን ማኅበር በንጹሕ ግቢ፣ ከማንጎው ጥላ ሥር አወጡ፤ ጎረቤት ብቻ እስከዛሬ በቅያሜ ዓይን ያየኛል።

ያን ዕለት ወንዝ ዳር ተሰናብቼ መንገድ ስጀምር ግን አባባ ቹዎል ከኋላ ጠሩኝ። ልቤ ደነገጠ፤ ሌላ ነገር ሊሰጡኝ ነው ብዬ። እጃቸውን ዘርግተው አንድ ነገር ተናገሩ፤ ጋትሏክ ከየካቲት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እየሳቀ አስተረጎመልኝ።

"ወይፈኑ ያንተ ነው፤ ገመዱ ግን የእኔ ነው ይላል።"

ከመሬት ያነሳሁትን ገመድ ትከሻዬ ላይ ጠቅልዬ ይዤው ልሄድ ኖሯል። በሁለት እጄ መለስኩላቸው፤ የሚካኤል ዋዜማ ነበር፣ ግንቦት 11 ቀን 1988 ዓ.ም.።